በቆላ ሙቀት የተነሣ ዓይን

የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር ብዙም ባልራቀ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ ከጎሬ ደጋ ቁልቁል ለሚወርድ መንገደኛ አየሩ ጋቢ የሚያስጥል ነው። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ በለበሰ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከውጭው ይብሳል። ከከተማዋ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ በ2007 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ሌይቹዎር በተባለ መጠለያ ሰፍረው የነበሩና ሰፈራቸው በክረምቱ ጎርፍ የተዋጠባቸው ሰዎች ወደዚህ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ኑዌሮች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ድንበሩን የተሻገሩት የልደት ማስረጃም ሆነ መታወቂያ ሳይዙ ነው፤ ስለዚህም በጀዊ የአንድን ሰው ማንነት ከሚመሰክሩት ነገሮች መካከል በካሜራ የተነሣ የዓይኑ ምስል አንዱ ሆኗል።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በየአገሩ ያሰራጨው የባዮሜትሪክ ምዝገባ ሥርዓት፣ ማለትም ሰውን በአካሉ ልዩ ምልክት የሚለየው አሠራር፣ ዕድሜው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን ሰው የ10 ጣቶቹን አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖቹን አይሪስና የፊቱን ፎቶ ይመዘግባል። አይሪስ የሚባለው የዓይንን ጥቁር ቀዳዳ፣ ብሌኑን፣ ዙሪያውን ከብቦ የሚታየው ባለ ቀለም ቀለበት ነው። ኮሚሽኑ በዓይን ምስል ሰውን መለየት የጀመረው ከዚህ ሥርዓት ቀድሞ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከፓኪስታን ወደ አገራቸው የሚመለሱ አፍጋናውያን ዕርዳታውን ሁለት ጊዜ እንዳይወስዱ ለማጣራት ተጠቅሞበታል። በኢትዮጵያ ምዝገባው ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋር በጋራ የሚከናወን ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያም አሻራን፣ አይሪስንና የፊት ምስልን እንዲሁ ይሰበስባል። በእርሻ፣ በዓሣ ማስገርና በሸክም የኖረ ሰው የጣቱ መስመሮች ስለሚላሹ፣ አሻራው አልነበብ ሲል ዓይኑ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በኢትዮጵያ ለሚገኙ ስደተኞች ያቋረጠውን የምግብ ዕርዳታ በጥቅምት 2023 የቀጠለው የቁጥጥር አሠራሩን ካጠበቀ በኋላ መሆኑ ሲታሰብ፣ በመሣሪያው ሳይታወቅ የቀረ ዓይን በራሽን ሰልፍ ላይ ምን ትርጉም እንደሚኖረው መገመት አያዳግትም።

አይሪስን የሚያነሣው ካሜራ ከሠርግ ፎቶ አንሺ ካሜራ ይልቅ በፋብሪካ መስመር ላይ ጠርሙስ ከሚፈትሸው ካሜራ ጋር ይዛመዳል። የሠርጉ ካሜራ ሥራው የሰውን ዓይን ማስደሰት ነው፤ የኢንዱስትሪ ካሜራ የሚባለው ግን ምስሉን የሚያቀብለው ለማሽን ስለሆነ፣ ዋጋው የሚመዘነው በውበቱ ሳይሆን እያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል ታማኝ ቁጥር እንደያዘ ነው። ነጥቦቹ ፒክሴል ይባላሉ። በካሜራው ሴንሰር ላይ የተደረደሩት እነዚህ ጥቃቅን የሲሊኮን ሕዋሳት ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሮን ይለቃሉ፤ ካሜራውም ኤሌክትሮኖቹን ሰብስቦ ወደ ቁጥር ይለውጣል። ምስል ከሥሩ ሲታይ የቆጠራ ሰንጠረዥ ነው ማለት ይቻላል፤ ባለሙያዎች ኖይዝ የሚሉት፣ በዚህ ጽሑፍ ረብሻ የተባለው፣ ያ ቆጠራ ከእውነተኛው መጠን ወዲያና ወዲህ ማለቱ ነው። በጨለማ በተነሣ የስልክ ፎቶ ላይ አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው ነገር ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ረብሻ ከካሜራው ሳይሆን ከብርሃኑ ከራሱ ይመነጫል። ብርሃን ፎቶን በተባሉ ነጠላ እሽጎች የሚመጣ በመሆኑ፣ ክረምት ሲገባ በሜዳ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ እኩል ሳፋዎች ከአንድ ካፊያ እኩል የጠብታ ቁጥር እንደማይቀበሉ ሁሉ፣ ጎን ለጎን ያሉ ፒክሴሎችም ከአንድ ወጥ ብርሃን እኩል ፎቶን አይቀበሉም። የልዩነቱ መጠን በግምት የአማካዩ ቁጥር ካሬ ሥር ነው፤ በአማካይ 100 ፎቶን የሚቀበል ፒክሴል ወደ 10 ገደማ ሲዋዥቅ፣ 10,000 የሚቀበለው በ100 ይዋዥቃል። የመጀመሪያው ስሕተት ከመቶ 10፣ የሁለተኛው ከመቶ 1 መሆኑ ነው። ካፊያው ዶፍ ሲሆን ሳፋዎቹ ይቀራረባሉ። ጀርመናዊው ዋልተር ሾትኪ ይህን ዓይነቱን መዋዠቅ እ.ኤ.አ. በ1918 በኤሌክትሪክ ፍሰት ላይ ያጠናው ካሜራዎች ሴንሰር ከማግኘታቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነበር። ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ብርሃን በጎደለበት የተነሣን ምስል ማንኛውም ብልሃት በኋላ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም፣ ያልተቆጠረ ፎቶን ከየትም አይመጣምና።

ሁለተኛው ረብሻ የሙቀት ነው፤ ጋምቤላ ወደ ነገሩ የምትገባውም እዚህ ላይ ይመስላል። ሲሊኮን ሲሞቅ ብርሃን ባይነካውም ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ፒክሴሉም ከብርሃን የመጣውን ከሙቀት ከመጣው ለይቶ አያውቅም። የጨለማ ፍሰት የሚባለው ይህ ሐሰተኛ ቆጠራ በየ6 እስከ 8 ዲግሪው ጭማሪ እጥፍ ይሆናል፤ በየ7 ዲግሪው ብለን ብናሰላው፣ በአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ የሚሠራ ሴንሰርና በጀዊ በ40 ዲግሪ የሚሠራ ተመሳሳዩ የ7 እጥፍ ልዩነት ይኖራቸዋል። በዚያ ላይ ካሜራው በራሱ ሥራ ስለሚግል የሴንሰሩ ሙቀት ከክፍሉ አየር ከፍ ያለ ነው። አንዳንድ ፒክሴሎች በተፈጥሮ ጉድለታቸው ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ስለሚያፈሱ በምስሉ ላይ የማይነቃነቁ ነጭ ነጠብጣቦች ሆነው ይታያሉ። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሌንሱ ተከድኖ የጨለማ ምስል ይነሣና ከእያንዳንዱ እውነተኛ ምስል ላይ ፒክሴል በፒክሴል ይቀነሳል። ይህ ቅነሳ የሚሠራው ግን የጨለማው ምስል በዚያው ሙቀት የተነሣ እንደሆነ ነው፤ ጠዋት በ25 ዲግሪ የተነሣው ለቀትር አይበጅም።

ሦስተኛው ምንጭ ንባብ ነው። የተሰበሰቡት ኤሌክትሮኖች ወደ ቁጥር ሲለወጡ የሚያልፉበት ወረዳ የራሱን መዋዠቅ ይጨምራል፤ ከነዚህ ጭማሪዎች አንዱ ፒክሴሉ ለአዲስ ቆጠራ ባዶ ሲደረግ ፈጽሞ ባዶ አለመሆኑ፣ በየጊዜው የተለያየ ቅሪት መተዉ ነው። ማርቪን ኋይትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት መፍትሔ በባልትና ቤት ሚዛን ዘወትር ከሚደረገው አይለይም። ዕቃው ባዶውን ይመዘናል፣ ከተሞላም በኋላ ይመዘናል፣ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ሲቀነስ ንጹሑ ክብደት ይቀራል። ዛሬ በኪስ ስልክ ውስጥ ያለው ሴንሰር ጭምር እያንዳንዱን ፒክሴል በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ያነብባል።

ስለ ጋምቤላ ሙቀት ከላይ የተባለው ግን ልኩን ማለፍ የለበትም። የጨለማ ፍሰት በጊዜ የሚጠራቀም ነገር ስለሆነ፣ ሌሊት ሙሉ ሰማይን ለሚቃኙት የእንጦጦ ቴሌስኮፖች ከባድ ጠላት ሲሆን፣ ብርሃን የሚሰበስበው ለመቶኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ለሆነ የአይሪስ ካሜራ ጥቂት ነው። ሙቀቱ በጀዊ ይበልጥ የሚጎዳው በጓሮ በር ገብቶ ነው። ካሜራው ዓይኑን የሚያበራው ኤልኢዲ በተባሉ ጥቃቅን መብራቶች ሲሆን፣ እነዚህ በሞቁ ቁጥር የሚሰጡት ብርሃን ይቀንሳል፤ ብርሃን ሲቀንስ የፎቶኑ ቁጥር ይቀንሳል፣ ረብሻውም ቀደም ሲል በተባለው የካሬ ሥር ሕግ ጎልቶ ይወጣል። መብራቱን ማጠንከር ደግሞ ገደብ አለው፤ ወደ ሰው ዓይን የሚላክ ጨረር መጠኑ በዓለም አቀፍ የደኅንነት መለኪያ የተወሰነ ነው። ብርሃን የሚሰበሰብበትን ጊዜ ማርዘምም አይበጅም፣ ዓይን ለአንድ አፍታ እንኳ ፍጹም አያርፍምና ረዥሙ ጊዜ ረብሻውን ቀንሶ ብዥታ ይተካል። የአምስት ዓመት ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ወደ መሣሪያው እንዲያይ ሲባል፣ ከመሣሪያው ይልቅ ከኋላው የቆመውን ሰው ማየቱ የተለመደ ነው።

መብራቱ የሚያወጣው ብርሃን ለሰው ዓይን የማይታይ፣ ከቀይ ቀለም ማዶ የሚገኝ ታህተ ቀይ ጨረር ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ከ700 እስከ 900 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ምርጫው ለጀዊ ነዋሪዎች ልዩ ትርጉም አለው። በተለመደው ብርሃን ጥቁር ቡናማ ዓይን ሜላኒን በተባለው ቀለም ስለተሞላ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ የአይሪሱ መስመርና ስርጉድም አይታይም፤ ታህተ ቀይ ጨረር ግን በሜላኒን እምብዛም ስለማይዋጥ፣ ለዓይን ጥቁር ድፍን ሆኖ የሚታየው ቀለበት በካሜራው ፊት እንደ ተፈተለ ጥጥ ክሩን ይዘረጋል። ይሁንና የቆላ ፀሐይም ታህተ ቀይ ጨረር በብዛት ስላላት፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓይን ላይ የመስኮቱ፣ የሰማዩና የነጭ ድንኳኑ ነጸብራቅ ያርፍበታል። ይህ በሒሳብ የሚቀነስ አይደለም፤ ጀርባን ለብርሃን ሰጥቶ መቀመጥን፣ መጋረጃን፣ አንዳንዴም ወንበሩን አንድ ክንድ ያህል ማዞርን ይጠይቃል። ከሶፍትዌሩ ዝርዝር ይልቅ የወንበሩ አቀማመጥ ብዙ ረብሻ ያስቀራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከአይሪሱ ምስል ማንነት የሚወጣበትን ስሌት ያበጀው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆን ዳውግማን ሲሆን፣ መሠረታዊ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትሟል። ስሌቱ የቀለበቱን ክሮች አቅጣጫና አቀማመጥ እየመዘነ 2,048 ዜሮና አንዶችን ያወጣል። የሁለት የተለያዩ ሰዎች ዓይኖች ሲነጻጸሩ ከነዚህ ምልክቶች ግማሽ ያህሉ ይለያያሉ፣ ሳንቲም ተወርውሮ የመጣ ያህል ማለት ነው፤ የአንድ ዓይን ሁለት ምስሎች ደግሞ በጥቂቱ ብቻ ይለያያሉ። መሣሪያው «ይህ ያው ሰው ነው» የሚለው ልዩነቱ ከሲሶ ግድም በታች ሲሆን ነው። ረብሻ የሚጎዳው በዚህ መሐል ነው፤ የአንዱን ዓይን ሁለት ምስሎች እርስ በርስ እያራቀ ወደ ሲሶው ይገፋቸዋል። ስሕተቱ አንድን ሰው ሌላ ሰው ከማድረግ ይልቅ አንድን ሰው ራሱን እንዳይሆን ወደ ማድረግ ያደላል፤ ይህም በሰልፍ ላይ ካርድ ይዞ ለቆመው ሰው የከፋው ስሕተት ነው።

ምስሉ ከተነሣ በኋላ ረብሻን በስሌት ማጽዳት ይቻላል፤ ስልቶቹም ብዙ ናቸው። ከሁሉ የቀለለው እያንዳንዱን ፒክሴል በጎረቤቶቹ አማካይ መተካት ነው። በሦስት በሦስት ረድፍ የተቀመጡ 9 ፒክሴሎች 52፣ 54፣ 53፣ 250፣ 55፣ 51፣ 53፣ 54 እና 52 ቢያነቡ፣ 250ው የሞቀ ፒክሴል ስሕተት መሆኑ ግልጽ ነው፤ አማካዩ ግን ስሕተቱን ለሁሉም አካፍሎ ወደ 75 ይወጣል፣ ይህም ከዘጠኙ የአንዱም ያልሆነ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መካከለኛውን የሚመርጠው ሜዲያን የተባለው ስልት 53 ይሰጣል፣ ሐሰተኛውም ዳር ተጥሎ ይቀራል። በሽማግሌዎች ሸንጎ አንድ ሰው አብዝቶ ቢጮህ ፍርዱ ወደ ጩኸቱ ሳይጎተት በመሐለኛው አሳብ እንደሚቆም ዓይነት ነው። ከነዚህ የረቀቁም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ቡአዴስ፣ ኮልና ሞሬል ያቀረቡት ስልት ጎረቤትን ትቶ በምስሉ ውስጥ በሩቅ ያሉ ተመሳሳይ ቁራጮችን ፈልጎ ያማክላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ይህን አሳብ ይበልጥ አበርትተውታል።

ነገር ግን የማንነት ካሜራ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ማለስለስ ምንጊዜም ጥቃቅኑን ይበላል፣ አይሪስ ደግሞ ከጥቃቅን በቀር ምንም የለውም። ስልክ ፊትን ሲያለሰልስ ሽበትንና የፊት መስመርን እንደ ረብሻ ቆጥሮ እንደሚጠርገው ሁሉ፣ ኃይለኛ ማጽጃም የአይሪሱን ክር ከአሸዋው ጋር አብሮ ያጥበዋል። ለፊት ፎቶም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። በዕድሜ ከፍ ባሉ የኑዌር ወንዶች ግንባር ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዘልቁት፣ «ጋር» የተባሉት ስድስቱ ጭረቶች፣ ጎልማሳነትን የሚያስመሰክሩት እነዚያ ቀጫጭን መስመሮች፣ ለአንድ ግድ የለሽ ማለስለሻ ከረብሻ የተለዩ አይደሉም። «ጋር» የኑዌር የቀደመ መታወቂያ ነው፤ አዲሱ መታወቂያ ያንን ቢደመስስ ምስሉ ለዓይን ይበልጥ ያማረ፣ ለምስክርነት ግን ይበልጥ የደከመ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ሙያ የጸዳ ምስልና እውነተኛ ምስል አንድ ነገር ናቸው ብሎ መነሣት ያሳስታል፤ የሚሻለው ያልጸዳውን እንዳለ አስቀርቶ፣ ከብዙ ያልጸዱ ምስሎች መሐል ተፈጥሮው የጸዳውን መምረጥ ነው። ለመምረጥ ግን ብዙ ምስል በአንድ ጊዜ በእጅ መኖር አለበት፣ ይህም ወደ ማቆያው ያመጣናል።

በፈር የሚባለው የምስል ማቆያ በካሜራው ወይም በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ የተከለለ፣ ምስል ለጥቂት ጊዜ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በመጠለያ ጣቢያም ሆነ በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ የሚታየው ሮቶ ጥሩ ምሳሌው ነው፤ ቦቴው ውኃውን በደቂቃዎች ውስጥ ሲያፈስስ፣ ጀሪካን የያዙት ሰዎች ግን ከቧንቧው ቀስ እያሉ ነው የሚቀዱት፤ ሮቶው በመሐል ቆሞ የሁለቱን ፍጥነት ያስታርቃል። ሴንሰር በቅጽበት የሚተፋው ምስል በሽቦ የሚጓዘው ቀስ ብሎ ነው። በስፋቱ 640፣ በቁመቱ 480 ፒክሴል የሆነ የአይሪስ ምስል 307,200 ቁጥሮችን ይይዛል፤ በሰከንድ 30 ቢነሣ በየሰከንዱ 9.2 ሜጋባይት ያህል ይፈስሳል፣ ይህንም ተራ የዩኤስቢ ገመድ በቀላሉ ይሸከመዋል። ባለ 5 ሜጋፒክሴል የፋብሪካ ካሜራ ግን በሰከንድ 75 ምስል ሲያነሣ 376 ሜጋባይት ያወጣል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ጊግኢ ቪዥን በተባለው ደረጃ መሠረት የተዘረጋው የኔትወርክ ገመድ ደግሞ ቢበዛ የሚያሳልፈው 125 ሜጋባይት ነው። ትርፉ 251 ሜጋባይት በየሰከንዱ ማቆያው ውስጥ ይጠራቀማል፤ 256 ሜጋባይት የሚይዝ ማቆያ እንግዲህ በአንድ ሰከንድ ገደማ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ሮቶውን ማተለቅ መጥለቅለቁን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ምንጩ ከቧንቧው በላይ የሚፈስስ ከሆነ አንድ ቀን መፍሰሱ የማይቀር ነው። ለአጭር ጥድፊያ የተሠራን ማቆያ ለዘወትር ፍሰት መጠቀም በሙያው ከሚታዩት ተደጋጋሚ ስሕተቶች አንዱ ነው።

የአይሪስ ካሜራ ማቆያ ክብ ነው። ክብነቱ በቅርጹ ሳይሆን በአሠራሩ ነው፤ ለምሳሌ 10 ምስል የሚይዝ ከሆነ፣ 11ኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን ገፍቶ በቦታው ይቀመጣል፣ 12ኛው ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። በማንኛውም ቅጽበት በማቆያው ውስጥ ያለፈው ሲሶ ሰከንድ ታሪክ ይገኛል። ተመዝጋቢው ከወንበሩ ተቀምጦ፣ መዝጋቢው በአስተርጓሚ በኩል «ዓይንህን ክፈት፣ ወደዚህ እይ» ሲለው፣ መሣሪያው ትእዛዙን አይጠብቅም፤ ቀድሞውኑ እያነሣ፣ እየጣለ፣ እያነሣ ቆይቷል። የዓይን ሽፋን መርገብገብ ራሱ እስከ ሲሶ ሰከንድ ሊወስድ ስለሚችል፣ በክፉ ዕድል አሥሩም ምስሎች የሽፋን ምስል ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ክቡም ዝም ብሎ መዞሩን ይቀጥላል።

ከአሥሩ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ግን ከሚመስለው ይከብዳል። የተለመደው መለኪያ ጥራት ነው፤ ምስሉ ውስጥ ያለው የጥቃቅን ለውጥ መጠን ይሰላል፣ ብዙ ለውጥ ያለበት የተሳለ፣ ጥቂት ያለበት ብዥ ያለ ይባላል። ረብሻም ግን ራሱ ጥቃቅን ለውጥ ነው። መብራቱ የደከመበትና አሸዋ የበዛበት ምስል በዚህ መለኪያ ከሁሉ የተሳለ መስሎ ሊመረጥ ይችላል፤ ሐሰተኛ ምስክር አጥብቆ ስለተናገረ እንደሚታመነው ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ መለኪያ እጅግ ጥቃቅኑንም፣ እጅግ ሰፊውንም ትቶ የአይሪስ ክር የሚኖርበትን መካከለኛውን ልክ ብቻ እንዲመዝን ይደረጋል፤ ምጥን ወንፊት ደቃቁንም ብናኝ፣ ትልቁንም ገለባ የሚለይ ሆኖ እንደሚሠራ። አሥሩን ምስል አንድ ላይ ማማከል አይሻልም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ሐሳቡ ለቆመ ዕቃ ትክክል ነው፤ 16 ምስል ሲማከል ረብሻው ወደ ሩብ ይወርዳል፣ የካሬ ሥሩ ሕግ እዚህም ይሠራልና። ዓይን ግን በእያንዳንዱ ምስል መሐል ይንሸራተታል፣ ብሌኑም ሳያቋርጥ ሰፋ ጠበብ ይላል፤ ቀለበቱ በተለጠጠና በተኮማተረ ቁጥር ክሮቹ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ አማካዩ የማንም ያልሆነ አይሪስ ይወልዳል። መምረጥ ከማቅለጥ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ ከዚያው ከጋምቤላ ክልል ሳይወጣ፣ የማጃንግ ዞን የጎደሬ ቡና ከአገር ከመውጣቱ በፊት የሚያጋጥመውን ዓይነት ካሜራ መመልከት ይጠቅማል። በአዲስ አበባ የቡና ማዘጋጃ ድርጅቶች ውስጥ ሴቶች በመስመር ተቀምጠው ጥቁሩንና የተነቀዘውን ፍሬ በእጃቸው ሲለቅሙ፣ ከጎናቸው ያለው የቀለም መለያ ማሽን ያንኑ ሥራ በካሜራ ይሠራል። ቡናው በተዳፋት ሸርተቴ ወርዶ በአየር ላይ ሲበር፣ አንድ ረድፍ ፒክሴል ብቻ ያለው ካሜራ እንደ ቃኚ እየደጋገመ ያነበዋል፤ ጥፋት ያለበት ፍሬ ሲገኝ ከታች ያለ የአየር ቧንቧ እፍ ብሎ ከመስመሩ ያስወጣዋል። ፍሬው በሰከንድ 3 ሜትር ቢጓዝና ቧንቧው ከካሜራው 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ለማንበብ፣ ለማጽዳት፣ ለመፍረድና ቧንቧውን ለመክፈት ያለው ጊዜ በጠቅላላው የሰከንድ አንድ ሃያኛ ነው። እዚህ ማቆያው ምርጫን አያገለግልም፤ ፍርዱ ፍሬው ከቧንቧው ፊት እስኪደርስ ድረስ የሚቆይበት መዘግየት ነው፤ ከዚያ ዘገየ ማለት ንጹሑን ጎረቤት መምታት ነው። ማለስለስም አያስፈራም፤ ጥያቄው ፍሬው ጥቁር ነው ወይስ አይደለም የሚል ስለሆነ፣ ሜዲያን የቡናውን ገጽታ ቢያደበዝዝ ማንም አይከስስም። ለቡና የተበጀ ማጽጃ ለዓይን የማይበጀው፣ የቡናው ማሽን አንዱን ፍሬ ከሌላው ለይቶ በስሙ መጥራት ስለማይጠበቅበት ነው።

ሌላም ማቆያ አለ፣ ከካሜራው የሰፋ። ጀዊን በመሰለ ሩቅ ቦታ የኔትወርክና የመብራት መቋረጥ የዘወትር ነገር በመሆኑ፣ የምዝገባ ሥርዓት በየቅጽበቱ ከሩቅ ሰርቨር ጋር መነጋገር ሳያስፈልገው በቦታው መሥራት እንዲችል ሆኖ ይበጃል፤ መረጃው እዚያው ይጠራቀማል፣ መስመር ሲገኝም ይላካል። አሠራሩ ከክቡ ማቆያ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ክቡ አሮጌውን ሲጥል ይህኛው አንድም መጣል ስለሌለበት ነው። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይትም ያነሣችውን የምድር ምስል እንጦጦ ላይ ወዳለው ጣቢያ የምታወርደው በጣቢያው ሰማይ ላይ በምታልፍባቸው ጥቂት ደቂቃዎች በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ በራሷ ማቆያ ይዛው ትዞር ነበር። በካሜራው ውስጥ የሲሶ ሰከንድ ጉዳይ የነበረው ነገር በሰማይ የሰዓታት፣ በጀዊ ደግሞ መስመር እስኪገኝ የሚዘልቅ ሊሆን ይችላል።

መብራቱን በተመለከተ አንድ ትንሽ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ከእርሱ በቀጥታ የሚበሩ ብዙ የጣሪያ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ፤ ዓይን ባያየውም ካሜራው ያየዋል፣ ተከታታይ ምስሎችም አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ጨለምተኛ ሆነው ይወጣሉ። ካሜራው ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ ልክ አንድ መቶኛ ሰከንድ ወይም የዚያ ብዜት ሲደረግ መዋዠቁ ይጠፋል። ለ60 ምልልስ አገር የተስተካከለ መሣሪያ በኢትዮጵያ የሚያሳየው ምክንያቱ ያልታወቀ መንጨብረር አንዳንዴ ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ተብሎ ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ችግሩ ባለበት ይቀራል።

ከተመረጠው አንድ ምስል 2,048ቱ ምልክቶች ከወጡ በኋላ በመዝጋቢው ስክሪን ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል፣ ተመዝጋቢውም ተነሥቶ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ያልፋል። ያልተመረጡት ዘጠኙ የዓይኑ ምስሎች በማቆያው ውስጥ ገና አሉ። ወንበሩ ላይ ቀጣዩ ሰው ሲቀመጥና ካሜራው የእርሱን ፊት ሲያይ፣ የመጀመሪያው አዲስ ምስል የፊተኛውን ሰው አሮጌ ምስል ገፍቶ በቦታው ያርፋል፤ ሲሶ ሰከንድ ሳይሞላም ከቀድሞው ሰው በማቆያው ውስጥ አንድም አይቀርም።